ወላጅ አምጣ የማይባልበት ትምህርት ቤት፦ ለአሜሪካ ምድር ጦር ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣ ጤና ይስጥልኝ።

ስሜን ያልጻፍኩት ለልጄ ብዬ ነው። ምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው፣ ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ብዙ አመት ሆኖኛል፣ ዜግነትም ከወሰድኩ ቆየሁ። ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት ሆዴ ውስጥ ያለውን ሳይጎድል ማውጣት ምችለው በአማርኛ ስለሆነ ነው፣ ደግሞም እዚህ አካባቢ ልጆቻቸው ዌስት ፖይንት (የምድር ጦሩ መኮንኖች ማሰልጠኛ አካዳሚ) ወይ አናፖሊስ (የባህር ሀይሉ) ለመግባት የሚያመለክቱ ሀበሻ ወላጆች እንዲያነቡት ፈልጌ ነው። ልጄ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰውና ለቢሮዎ እንልከዋለን።

ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። ጁኒየር አር ኦ ቲ ሲ የሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የወታደርነት ትምህርት ከገባች ሶስተኛ አመቷ ነው፣ ማታ ማታ ዩኒፎርሟን ራሷ ነው ምትተኩሰው፣ እናቷ ላግዝሽ ስትላት እምቢ ትላለች። ከአምና ጀምሮ ሀሳቧ ሁሉ ዌስት ፖይንት ነው። የአካዳሚውን የክብር ደንብ ፕሪንት አድርጋ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጥፋዋለች፣ አንድ አረፍተ ነገር ነው፦ ካዴት (የአካዳሚው ተማሪ) አይዋሽም፣ አያጭበረብርም፣ አይሰርቅም፣ ይህን የሚያደርጉትንም አይታገስም። ወተት ላወጣ ፍሪጁን በከፈትኩ ቁጥር አነበዋለሁ። እውነቴን ነው ምልዎት ደስ ይለኛል፣ ልጄ እንዲህ ብላ እንድታድግ ነው ምፈልገው። ስለዚህ ደንቡ ይቅር ልልዎት አይደለም የጻፍኩት፣ በደንቡ የተከሰሰ ልጅ ችሎት ፊት ብቻውን እንዳይቆም ልለምንዎት ነው።

አንድ ማታ እራት ስንበላ ግን እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፣ «አባዬ፣ አንድ ልጅ ሳይኮርጅ ኮረጅክ ቢባል ማን ነው ሚናገርለት?» እኔም መልስ አልነበረኝም። ከዛ ቀን ጀምሮ ከስራ ስመለስ ማነበው ይሄንኑ ሆነ።

እኔ ራሴ 8ኛ ክፍል እያለሁ ኮረጅክ ተብያለሁ። የሂሳብ ፈተና ነበር፣ የኔና ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ ወረቀት አንድ ቦታ ላይ አንድ አይነት ስህተት ተገኘበት፣ መምህሩ ሁለታችንንም አስነስቶ ወረቀታችንን ቀደደው። ልናገር ስል አፌ ተያያዘ፣ እንባ ቀደመኝ፣ የክፍሉ ልጅ ሁሉ ያየኛል። ከዛ ያው እንደ አገራችን ደንብ «ወላጅ አምጣ» ተባልኩ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ነጠላዋን አደግድጋ መጣች፣ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች፣ መምህሩ ሲከስ ዝም ብላ ሰማችው ሰማችውና መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው፣ «የኔ ጌታ፣ የትኛው ነው ፊት የተቀመጠው?» አለች። ፊት የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። አንገቴን አዙሬ ከኋላ ልኮርጅ እንደማልችል መምህሩም ያኔ ገባው። ያቺን ጥያቄ እኔ መጠየቅ አልቻልኩም፣ የ14 አመት ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር። አጠገቤ የቆመ ሰው ጠየቀልኝ።

ይሄን ምነግርዎት ለምንድነው፣ ዌስት ፖይንት ላይ ወላጅ አምጣ የለም። የክብር ጉዳይ ሲመጣ ክሱን ሰምተው ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት ራሳቸው ካዴቶች ናቸው፣ ይሄ በራሱ ክፉ አይደለም፣ እኩዮች ናቸው ኑሮውን ያውቁታል። ግን ተከሳሹ የ18 የ19 አመት ልጅ ነው። ከችሎቱ ውጪ ጠበቃ ማማከር ይችላል፣ ችሎቱ ላይ ሲቀርብ ግን ጠበቃው ገብቶ አይከራከርለትም። እ.ኤ.አ በ1972 የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በኩረጃ ሳይሆን በጥፋት ነጥብ ብዛት ሊባረር በነበረ ካዴት ጉዳይ ላይ፣ ካዴት ከመባረሩ በፊት ሊሰማ ይገባል፣ ማስረጃና ምስክርም ሊያቀርብ ይገባል ብሎ ወሰነ፣ ጠበቃ ችሎቱ ላይ ቆሞ ይከራከርለት ግን አላለም። ህጉ የጠየቀው ትንሹን ነው እንጂ ከዛ በላይ አትስጡ ብሎ የከለከለ ፍርድ ቤት የለም።

ደግሞ የሚያጡት ነገር ቀላል አይደለም። ሶስተኛ አመቱን ከጀመረ በኋላ የሚባረር ካዴት ወይ ተራ ወታደር ሆኖ እንዲያገለግል ወይ መንግስት ያወጣበትን የትምህርት ወጪ እንዲመልስ ሊደረግ ይችላል። እንደኔ አይነት ቤተሰብ ያንን ብር ከየት ያመጣል? ስም ደግሞ አለ። ሀበሻ ሰፈር ውስጥ የእከሌ ልጅ አጭበርብሮ ተባረረ ከተባለ ቤተክርስቲያን ግቢ ሲወራ ስንት አመት ነው ሚከርመው።

ታሪኩን ሳነብ በጣም ልቤን የነካው ግን ዝምታ የሚሉት ቅጣት ነው። በ1971 አንድ ካዴት ፈተና ይብቃ ከተባለ በኋላ ጽፈሃል ተብሎ ተከሰሰ። ክሱ በሂደቱ ጉድለት ምክንያት ወደቀ፣ ማባረር አልተቻለም። ካዴቶቹ ግን ለኛ ጥፋተኛ ነው ብለው አገለሉት። 19 ወር ሙሉ ማንም አላናገረውም። ለ10 ሰው በተዘጋጀ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ነበር ሚበላው። እስቲ ያስቡት ክቡር ሚኒስትር፣ እኛ አገር እኮ ብቻውን የሚበላ ሰው ሲታይ አንጀት ይበላል፣ ጠላት እንኳን ቢሆን ና ቁረስ ይባላል። ልጁ ችሎ በ1973 ተመረቀ፣ በዛው አመት ይሄ ቅጣት ቀረ።

ከሱ በፊትም ነበረ፣ የባሰም ነበረ። ቤንጃሚን ዴቪስ ጁኒየር በ1932 ሲገባ ምንም አላጠፋም፣ ጥፋቱ ጥቁር መሆኑ ብቻ ነው። አራት አመት ሙሉ ለስራ ካልሆነ በቀር የሚያናግረው አልነበረም፣ መኝታ ክፍሉን የሚጋራው ሰው አልተሰጠውም፣ ብቻውን በላ ብቻውን ተኛ። ለከባድ የክብር ጥፋት የተባለው ቅጣት በቆዳው ቀለም ምክንያት ወረደበት ማለት ነው። በ1936 ተመረቀ፣ በኋላ የአየር ሀይሉ የመጀመሪያው ጥቁር ጄነራል ሆነ፣ ዛሬ አካዳሚው ውስጥ በስሙ የተጠራ የካዴቶች መኖሪያ ህንጻ አለ። ከሱም በፊት በ1880 ጆንሰን ዊታከር የሚባል፣ በባርነት የተወለደ ካዴት አለ፣ ሌሊት ክፍሉ ገብተው ደብድበው ጆሮውን ቆርጠው አልጋው ላይ አስረውት ተገኘ። አካዳሚው ምን አለ? ራስህ ነህ ራስህን ያሰርከው፣ ውሸታም ነህ አለው። ዋሽተሃል ብለው ከሰሱት፣ ፍርዱ በኋላ ቢሻርም ተባረረ። መኮንንነቱ የተሰጠው በ1995 ነው፣ ለዘመዶቹ፣ እሱ ከሞተ ከስንት አመት በኋላ። ውሸታም የሚለው ቃል በማን ላይ ቶሎ እንደሚለጠፍ ይሄ ታሪክ ይነግረናል፣ ለዛ ነው ጥቁር ልጅ ያለኝ አባት እንቅልፍ ሚያጣው።

ያ ድሮ ነው እንዳይሉኝ። እዚሁ እኛ ስቴት ውስጥ ያለው የወታደር ኮሌጅ፣ የቨርጂኒያ ሚሊተሪ ኢንስቲትዩት፣ በርስዎ ስር እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን የክብር ደንቡ ተመሳሳይ ነው፣ ቅጣቱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ መባረር። ዋሽንግተን ፖስት ከ2017 እስከ 2020 ያለውን አይቶ እንደጻፈው፣ ጥቁር ካዴቶች ከተማሪው 6 በመቶ አካባቢ ሆነው በክብር ጥፋት ከተባረሩት ግን ወደ 43 በመቶ ነበሩ። ይሄ ቁጥር ለብቻው ማን እንዳጠፋ ማን እንዳላጠፋ አይነግረኝም። ግን እንደዚህ አይነት ቁጥር ያየ ወላጅ ችሎቱ እንዴት እንደሚሰራ ሳያውቅ ልጁን እንዴት አምኖ ይሰጣል? እዛ ነገሩ የታወቀው ጋዜጠኛ ስለቆፈረ ነው። እናንተ ጋ ሰው እስኪቆፍር ለምን ይጠበቃል፣ ስንት ተከሰሱ፣ ስንት ነጻ ወጡ፣ ስንት ተባረሩ፣ በዘር በጾታ በስፖርተኛነት ተለይቶ፣ ስም ሳይጠራ በየአመቱ ይውጣ።

ሌላው ስለ ራሱ ስለ አካዳሚው ድርሻ ነው። በ1951 በኩረጃ ምክንያት ወደ 90 የሚጠጉ ካዴቶች ከዌስት ፖይንት ተሰናበቱ፣ ብዙ የፉትቦል ቡድኑ ልጆችም ነበሩበት። ያኔ አንዱን ፈተና ካዴቶቹ ለተከፈሉባቸው ሁለት ቡድኖች (ሬጅመንት) በተለያየ ቀን ነበር ሚሰጡት፣ ያው ጥያቄ! ዛሬ የተፈተነው ነገ ለሚፈተነው ነገረው። አጥፍተዋል አዎ፣ ግን በሩን ከፍቶ የተወው ማን ነው? ከተሰናበቱት ውስጥ ደግሞ ራሳቸው ሳይኮርጁ የጓደኛቸውን አውቀው ዝም ያሉ ነበሩበት። በ1976 የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ፈተና ወደ ቤት ውሰዱት ተብሎ ከ800 በላይ ለሚሆኑ ካዴቶች ተሰጠ፣ መጨረሻው ከ150 በላይ ካዴት መውጣት ሆነ። ያኔ ግን እርስዎ ዛሬ የተቀመጡበት ወንበር ላይ የነበሩት ማርቲን ሆፍማን ሁለት ነገር አደረጉ፣ ልጆቹ ከአንድ አመት በኋላ እንዲመለሱ ፈቀዱ፣ ብዙዎቹም ተመለሱ፣ ደግሞም የጠፈር ተመራማሪው ፍራንክ ቦርማን የሚመሩት ኮሚሽን አቋቋሙ። ቦርማን ራሳቸው የዌስት ፖይንት ልጅ ነበሩ፣ ኮሚሽናቸው አካዳሚው የራሱን ጥፋት እንዲያምን፣ ለሁሉም ጥፋት መባረር ብቻ የሚለውም ቅጣት እንዲቀር ነው የጻፈው። ስለዚህ እርስዎን ምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም፣ ከዛው ወንበር አንዴ የተደረገ ነው።

በግንቦት 2020 በኮቪድ ጊዜ ካዴቶች ቤታቸው ሆነው ኦንላይን የካልኩለስ ፈተና ወሰዱ፣ አስተማሪዎቹ አንድ አይነት ስህተት አዩና 73 ልጆች ተከሰሱ፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም የመጀመሪያ አመት። 8 ተባረሩ፣ 51 አንድ አመት ወደኋላ ተመለሱ። ማባረር ብቻ አለመሆኑ ጥሩ ነው። ግን ከዛ በኋላ ምን ሆነ፣ አጥፍቻለሁ ብሎ ራሱ ያመነ ካዴት ሳይባረር እንዲታረም ያደርግ የነበረው፣ በ2015 የተጀመረው አሰራር ተሰረዘ። ይሄ አልገባኝም። እኛ ልጅ ስናሳድግ እውነቱን ንገረኝ አልገርፍህም እንላለን፣ ቃላችንንም እንጠብቃለን፣ አለበለዚያ ልጁ ሁለተኛ እውነት አይናገርም። ከዋሸው ጋር እኩል የሚቀጣ ከሆነ ያመነው ምን ብሎ ያምናል?

አይታገስም የምትለዋ ቃል ላይም ልጄ ተጨንቃለች፣ እኔም ተጨንቄአለሁ። ክፍላችን ውስጥ ሰባቂ የሚባል ስም ነበረ፣ ከዛ የከፋ ስድብ አልነበረም። ልጄን ሰባቂ አትሁኚ ብዬ ነው ያሳደግኳት፣ ወታደር ቤት ግን ሌላ እንደሆነ ይገባኛል፣ የጓደኛን ውሸት ደብቆ ሰው ሊሞት ይችላል። አልቃወምም። ግን ጓደኛው ሲኮርጅ አይቶ አንድ ሌሊት ሲጨነቅ ያደረ የ18 አመት ልጅና ራሱ የኮረጀው እኩል አይደሉም፣ ቅጣታቸውም እኩል እንዳይሆን በጽሁፍ ይቀመጥ። ለዛ ልጅ ጊዜ ይሰጠው፣ ሄዶ ጓደኛውን ራስህ ተናገር እንዲለው።

ከሁሉም በላይ ግን ምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ችሎቱ ላይ ከልጁ ጎን አንድ ትልቅ ሰው ይቀመጥ። ጠበቃ ይሁን ብዬ ሙጭጭ አልልም፣ ቢሆን እመርጣለሁ፣ ካልሆነ ግን ልጁ ራሱ የመረጠው፣ ለአካዳሚው ሳይሆን ለሱ የቆመ፣ አፍ አውጥቶ መናገርና ምስክር መጠየቅ የሚፈቀድለት ሰው ይሁን። ከኋላ ተቀምጦ በወረቀት ማስታወሻ የሚያቀብል አይደለም። እኛ ስንጣላ እንኳን ሽማግሌ እንልካለን፣ የገደለ ሰው እንኳን ሽማግሌ አጥቶ አያውቅም። ሁለት ሰአት ውስጥ የህይወቱ አቅጣጫ ሚወሰንበት ልጅ እንዴት ብቻውን ይቆማል? ሰው የሚመራ መኮንን ብቻውን መቆም መልመድ አለበት የሚሉ አሉ፣ ሰምቻለሁ። ያው መኮንን ነገ የሚመራው ወታደር ኮርት ማርሻል (የጦር ፍርድ ቤት) ሲቀርብ ግን ለወታደሩ ጠበቃ ይቆምለታል እኮ። ወታደሩ የሚያገኘውን ነገ እሱን የሚመራው ካዴት ለምን ያጣል።

ልጄ 12ኛ ክፍል ከመግባቷ በፊት በጸደይ ማመልከቻዋን ትጀምራለች፣ ከኮንግረስ ተወካያችን ቢሮ ኖሚኔሽን (ለአካዳሚው በእጩነት መጠቆም) ለመጠየቅም ወረቀቷን እያዘጋጀች ነው። ኢንተርቪው ካገኘች ያን ቀን ስራ አልገባም፣ እኔው ነኝ ምወስዳት። የክብር ደንቡ አሁንም ፍሪጁ ላይ ነው። የእርስዎ መልስ ሲመጣ እሱ ጎን ነው ምለጥፈው፣ ቦታ ትቼለታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ አባት፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ