ደብዳቤ ለልጄ፦ ከቺፑ በፊት

ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እናትሽም ሰላም ብላሻለች።

ሃይሉክሷ ከኮምቦልቻ ጭነት ይዛ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ትደክማለች፣ የሞተሩን ጉልበት የሚጨምር ቺፕ ላስገጥምላት ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አብሽሪ፣ የሚሻል ነገር ነው። ቺፑ ግን የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

አገሩን አስቢው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ለሞተሩ አየር የሚገፋለት ቱርቦ ይህን ጉድለት ለመሙላት አብዝቶ ይሽከረከራል፣ ይግላልም። ቺፕ በዋናነት የሚጨምረው ናፍታ ነው፤ አየሩ በዚያው ልክ አይጨምርም። የሚያቃጥለው አየር ያላገኘ ናፍታ በጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ሙቀቱ ደግሞ ፒስተኑና ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ገንዘብሽ ፋብሪካው ሰጥቷት የጠፋባትን ጉልበት አስመልሺ።

ከአየሩ ጀምሪ። ከቱርቦው አየሩን ወደሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር፣ ከዚያም ወደ ሞተሩ የሚሄዱት የጎማ ቱቦዎች በዘይት ይርሳሉ፤ ፋሸታው የሚያስራቸው ቦታ ላይም ይሰነጠቃሉ። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ስንጥቁ አይታወቅም፤ ዳገት ላይ ግፊት ሲመጣ ነው የሚከፈተው። ፍተሻው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የቱርቦው የአየር መግቢያ በክዳን ይዘጋ፤ ክዳኑ ላይ የጎማ ቫልቭ ተገጥሞ ከጎሚስታ ኮምፕረሰር ከ1 ባር ያልበለጠ አየር ይለቀቅበት፤ ከዚያ በየመገጣጠሚያው የሳሙና ውሃ ይረጭ። ግፊቱ ቀስ እያለ ቢወርድ አትደንግጪ፣ በተከፈተ ቫልቭ በኩል ያልፋል። የምትፈልጊው አረፋ ነው። ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ግን ከሞተሩ ወደ አየር መግቢያው የሚመጣው የመተንፈሻ ቱቦ ተለይቶ መደፈን አለበት። ካልተደፈነ አየሩ ወደ ዘይት ቋቱ ገብቶ ዘይቱን የሚይዙትን ሲሎች ይገፋል። ብዙ መካኒክ ይህን ይረሳዋል፤ አንቺ ቆመሽ አስታውሺ።

የአየር ፊልትሮው የወረቀቱ ይሁን። በዘይት የሚነከረውን የጥጥ ፊልትሮ አትግዢ፤ በገጠሩ አቧራ ላይ ደቃቁን ያሳልፋል፣ ዘይቱም የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ሊያበላሽ ይችላል።

ቀጥሎ ናፍታው። ያንቺዋ ባለ 3.0 ሊትር ዲ-ፎር-ዲ የናፍታ ሞተር ናት። የዚህ ሞተር የታወቀ ሕመሙ ናፍታውን ከሚረጩት ኢንጀክተሮች ሥር ያለው የመዳብ ወሸር ነው። ወሸሩ ሲያሳልፍ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይወፍራል፣ በቋቱ ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል፤ ከዚያ ሞተሩ ያለ ዘይት ይነክሳል። ጠዋት ስትነሳ የዘይት መብራቱ ቶሎ የማይጠፋ ከሆነ አትንጂያት፤ ቋቱ ወርዶ ወንፊቱ ይታይ። ኢንጀክተር በተነቀለ ቁጥር አዲስ ወሸር ይግባ፣ መቀመጫውም ጥርት ተደርጎ ይጸዳ። በኮምፒውተር ሲታይ በሚኒሞ የየኢንጀክተሩ ማስተካከያ ቁጥር ከ+3 በላይ ወይም ከ-3 በታች ከሆነ ያ ኢንጀክተር ደክሟል። ሞተሩ እየሠራ የናፍታውን የብረት ቱቦ ማንም እንዳይፈታ፤ ግፊቱ ከ1,000 ባር ሊያልፍ ስለሚችል ሥጋ ይበሳል።

በጀሪካን የሚሸጥ ናፍታ የግድ ከሆነብሽ የናፍታ ፊልትሮውን በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትር ቀይሪ፣ ከሥሩ የሚጠራቀመውንም ውሃ አስወጪ። ላምባ የተቀላቀለበትን ግን በፍጹም አታስገቢ፤ ፖምፓው የሚለሰልሰው በናፍታው ነው።

ራዲያተር ላይ ባዶ ውሃ አይበቃም። ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። እንዳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ነውና ጎማው የደረቀ ክዳን ይቀየር። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ሙሊ።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። ጭነት ይችልልኛል ብለሽ ከኋላ ባሌስትራ (የብረት ሞላ) ልታስጨምሪ እንዳሰብሽ ጽፈሻል። ከሻንሲው ወደ ኋላው አክስል የሚወርድ ዘንግ ያለው የፍሬን ቫልቭ አለ። ቫልቩ የመኪናዋን ቁመት አይቶ ጭነት መኖሩን ያውቃል፤ ዝቅ ስትል ለኋላው ፍሬን ብዙ ግፊት ይሰጣል፣ ከፍ ስትል ይቀንሳል። ባሌስትራ ጨምረሽ ዘንጉን ካላስተካከልሽ፣ ሙሉ ጭነት ይዘሽም ቫልቩ ባዶ ናት ይላል። ሐረጎን ስትወርጂ ሥራው ሁሉ ለፊት ፍሬን ይተርፋል፣ ሸራው ይግላል፣ ፔዳሉም መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ባሌስትራው ከተነካ ዘንጉ በዚያው ቀን ይስተካከል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በየ2 ዓመቱ ይቀየር። በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ።

ጎማዋን አታተልቂባት። ከ265/65 ወደ 265/70 ባለ 17 ብትቀይሪ ዙሪያው ከ3 በመቶ በላይ ይጨምራል፤ ማርሹ ሁሉ በዚያው ልክ ይረዝምና ዳገት ላይ የምትፈልጊውን ጉልበት ይበላል። ሰፊ ማርሚታም ለብቻው ከድምፅ በቀር ብዙ አይሰጥሽም፤ ከቺፑ ጋር ከሆነ ግን ሙቀት ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የጭስ ሙቀት መለኪያ አስገጥሚ። ሴንሰሩ ከቱርቦው በፊት ጭሱን ከሞተሩ በሚሰበስበው ማኒፎልድ ላይ ይግባ፤ ከቱርቦው በኋላ ከገባ ከ100 ዲግሪ በላይ አሳንሶ ሊያሳይሽ ይችላል። ማኒፎልዱ ወርዶ ይበሳ፤ በቦታው ሳለ ከተበሳ የብረቱ ፍርፋሪ የቱርቦውን ክንፎች ይመታል። ዳገት ላይ 700 ዲግሪ ስታዪ ማርሽ ቀንሺ፣ ነዳጁንም አላሊ።

ቺፑን በተመለከተ፣ በሽቦ የሚሰካውን ርካሽ ሣጥን አትንኪ። ያ የናፍታውን ግፊት ለመኪናዋ ኮምፒውተር በሐሰት ዝቅ አድርጎ ይነግረዋል፣ ኮምፒውተሩም ሳያውቅ ግፊቱን ከልክ ያሳልፋል። የኮምፒውተሩን ፕሮግራም የሚያስተካክል ባለሙያ ያዢ፣ ከ15 በመቶ በላይም አትጠይቂው። 343 ኒውተን ሜትር የነበረው ወደ 395 ይጠጋል፤ ለሐረጎ ይበቃሻል። የድሮውን ፕሮግራም በፍላሽ ተቀበዪ። ሲጫን ባትሪው ቻርጀር ላይ ይሁን፤ ኃይል መሐል ላይ ከወደቀ ኮምፒውተሩ ሊሞት ይችላል። ከዚያ በፊት ፍሪሲዮኑን ፈትኚ፤ በአራተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ነዳጁን ሙሉ ስትረግጪ የሞተሩ ዙር ብቻውን ከወጣና ፍጥነት ካልተከተለ፣ ፍሪሲዮኑ ሳይቀየር ፕሮግራሙ አይነካ።

የታይሚንግ ቺንጋዋ መቼ እንደተቀየረ መኪናዋን የሸጠልሽ ሰው ካልነገረሽ ከሁሉም በፊት እሱን አስቀይሪ፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። የአራቱን ኢንጀክተር ቁጥር በወረቀት አስጽፈሽ ላኪልኝና የትኛው እንደሚቀየር አብረን እናያለን።

አላህ ይጠብቅሽ።
አባትሽ፣ ከደሴ