ስለ ላክሽልኝ የደም ምርመራ ውጤት

ውድ ልጄ፣

የላክሽልኝን የምርመራ ወረቀት ደጋግሜ አየሁት። በባዶ ሆድ የተለካው የደም ስኳርሽ 112 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ በሰውነት ውስጥ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) መኖሩን የሚጠቁመው ሲአርፒ ደግሞ 6 ሚሊግራም በሊትር ነው። «ስኳሬን ከፍ ያደረገው ይህ ብግነት ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል፤ ዕድሜዬን ሙሉ በላቦራቶሪ የሠራሁ ብሆንም በአንድ ቃል የምመልሰው አይደለም።

ሲአርፒ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ሲሆን፣ በፈረንጆች 1930 የተገኘው በሳንባ ምች በታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ ነው። ከስኳር ጋር ያገናኘው ቦርጭ ነው። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚጠራቀመው ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጮማ ሳይሆን ኢንተርሉኪን-6 እና ቲኤንኤፍ-አልፋ የተባሉ ንጥረ ነገሮችን የሚያመነጭ ነው፤ የፊተኛው ጉበት ሲአርፒን እንዲያመርት ሲቀሰቅስ፣ የኋለኛው ኢንሱሊን በሴሎች ላይ የሚሠራውን ሥራ ያደናቅፋል። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ከፍ ቢሉ አንዱ የሌላው ልጅ ስለሆነ ሳይሆን በአንድ ቤት ስላደጉ ሊሆን ይችላል። በ2001 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ ሲአርፒያቸው ከፍ ያለ ጤነኛ ሴቶች ከዓመታት በኋላ ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል፤ ሆኖም በኋላ በዘር ውርስ ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ሲአርፒ ራሱ በሽታውን ያመጣል የሚለውን አልደገፉም።

ነገሩ የሚገለበጥበትም ጊዜ አለ። ሰው በኢንፌክሽን ሲታመም ኮርቲሶልና አድሬናሊን ይጨምሩና ስኳሩን ለጊዜው ያንሩታል። ወጣት ሳለሁ በሳንባ ምች የተኛ ሰው ውጤት አይቼ፣ ሐኪሙን እንኳ ሳልጠብቅ፣ ለቤተሰቡ «ስኳር አለበት» አልኋቸው። ሰውየው ሲድን ስኳሩ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ ያን ቀን የሚስቱን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም።

አንቺስ ደም በሰጠሽ ሰሞን ጉንፋን ይዞሽ አልነበረም? ሲአርፒ ሕመሙ ሲለቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወርዳልና ሁለት ሳምንት ቆይተሽ አስደግሚው፤ ከ3 በታች ከወረደ ያሁኑ የጉንፋኑ ሳይሆን አይቀርም። አብረሽም የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየውን ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ አሠሪ፤ የሳምንት ጉንፋን ብዙም አይነካውም። ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ከሆነ የቅድመ ስኳር ደረጃ ነው፤ ያን ጊዜ ከሐኪምሽ ጋር የምትነጋገሪው ስለ ሲአርፒው ሳይሆን ስለ ወገብሽ ልክና ስለ እግር ጉዞሽ ይሆናል። እስከዚያው ብግነት ያበርዳል ብለሽ ክኒን እንዳትገዢ።

አባትሽ