ስለ ኮሚክ ባጆች ላወጣችሁት ጽሁፍ፦ ሰዓሊዎቹስ የት ገቡ?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ባለፈው ስለ አሮጌ እቃ ሰብሳቢዎች ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ደስ ይላል፣ እንደዚ አይነት ነገር በአማርኛ ብዙ አይገኝም። ግን የኮሚክ ባጆች (የካርቱን ገጸ ባህሪ ያለባቸው፣ ደረት ላይ ሚሰኩ ክቦች) ጋ ስትደርሱ ሱፐርማን፣ ፖፓይ፣ ዲክ ትሬሲ እያላችሁ ገጸ ባህሪዎቹን ደርድራችሁ አለፋችሁ፣ የሳሏቸው ሰዎች የአንዳቸውም ስም የለም። እኔ ደሞ እዚ አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ምለቃቅመው በተለይ የካርቱኒስቶቹን ባጅ ስለሆነ ዝም ብል አይሆንልኝም።

ነገሩ ከመጀመሪያውም እንደዛ ነው መሰለኝ። በ1896 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው) ኒው ጀርሲ ኒውአርክ ውስጥ የነበረው ዋይትሄድ ኤንድ ሆግ የሚባል ካምፓኒ የታተመ ክብ ወረቀት በስስ ሴሉሎይድ (እንደ ፕላስቲክ ያለ ብርሃን አሳላፊ ነገር) ሸፍኖ፣ ቆርቆሮ ላይ ጠርዙን አጥፎ፣ ከኋላው መርፌ ያለው ሽቦ ገብቶበት ደረት ላይ ሚሰካውን ባጅ ፓተንት (የፈጠራ መብት) አወጣበት፣ ያን ዓመት ደሞ ማኪንሌይና ብራያን ለፕሬዝዳንትነት የተወዳደሩበት ምርጫ ስለነበር ባጁ አገሩን ሞላው። ሲጋራ ሻጮች ወዲያው ነቁ። ሃይ አድሚራል የሚባለው ሲጋራ «የሎው ኪድ» (ቢጫው ልጅ) የሚባለውን የጋዜጣ ካርቱን፣ ማለትም ያንን ራሱ መላጣ የሆነውን ባለ ቢጫ ቀሚስ ልጅ፣ በባጅ ማውጣት ጀመረ። የልጁ ሰዓሊ ሪቻርድ አውትኮልት ይባላል፣ ፑሊትዘር የሚባል ባለጋዜጣ ጋ ሲስል ተፎካካሪው ባለጋዜጣ ሄርስት ከፍሎ ወሰደው፣ ፑሊትዘር ደሞ እልህ ይዞት ጆርጅ ላክስ የሚባል ሌላ ሰዓሊ አስቀምጦ ያንኑ ልጅ ማሳሉን ቀጠለ፣ ስለዚ ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት ጋዜጣ አንድ ልጅ ያትሙ ነበር ማለት ነው። ልጁን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፣ አውትኮልትን ግን መንገድ ላይ ቢያገኙት ስንቱ ይለየው ነበር?

የሱፐርማኑ ደሞ ይባስ። እናንተ የጠቀሳችኋቸው የኬሎግ ባጆች ከ1945 ጀምሮ ፔፕ ከሚባለው የቁርስ እህል ፓኬት ውስጥ ይወጡ የነበሩት ናቸው፣ ሙሉው 86 ነው፣ አምስት ዙር ሲወጣ ሱፐርማን ብቻ በየዙሩ ይደገማል ምክንያቱም ካምፓኒው የሱፐርማን የሬድዮ ድራማ ስፖንሰር ነበረ። ያ ሁሉ ህጻን ሱፐርማንን ደረቱ ላይ ሰክቶ ሲሮጥ የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በ1938 መብቱን በ130 ዶላር ሸጠው ነበር፣ በ1947 አሳታሚውን ከሰሱ፣ ገጸ ባህሪውን ማስመለስ አቃታቸው፣ ስማቸውም ከኮሚኩ ላይ ተነሳ። ሹስተር ዓይኑ እየደከመ መሳል እንኳን ከብዶት ነበር። ስማቸው የተመለሰው በ1975 መጨረሻ ነው፣ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ጩኸት ሲበዛ አሳታሚው ካምፓኒ በዓመት 20 ሺ ዶላር ለያንዳንዳቸው ሊከፍል ተስማማ።

እና እኔን ሚገርመኝ በዛው በ1975 ዊስኮንሲን ውስጥ ዴኒስ ኪችን የሚባል የኮሚክ አሳታሚ (ራሱም ሰዓሊ ነው) «ዝነኛ ካርቱኒስቶች» ብሎ ተከታታይ ባጆች አወጣ። ባጁ ላይ ያለው ገጸ ባህሪ አይደለም፣ ሰዓሊው ራሱ ነው! እነ ዊል አይስነር፣ እነ ሮበርት ክራም። አይስነር ከ1940 ጀምሮ ለዓመታት በጋዜጣ የእሁድ አባሪ ሲሰራ የነበረ ሰው ነው፣ ስራውን ሚያውቅ ብዙ ነው ፊቱን ግን ማንም። ለኔ ከፔፑ ሱፐርማን ይሄ ይበልጥብኛል፣ ዋጋው ያንሳል ካላችሁም ይነስ፣ ለሽያጭ አይደለም ምሰበስበው።

እናንተ ስለ ገዢው ጥንቃቄ ምንም ስላላላችሁ ትንሽ ልጨምር፦ ባጅ ስታዩ መጀመሪያ ገልብጡት። የድሮዎቹ ከኋላ የአሰሪውን ስምና የፓተንቱን ቀን የያዘች ወረቀት አለቻቸው፣ የሌለውም ኦሪጂናል ሊሆን ይችላል ግን ካለ ሀሳብ ያቀላል። የፔፖቹ ቆርቆሮው ላይ ቀጥታ ስለታተሙ ሴሉሎይድ የላቸውም፣ ስለዚ ባለሴሉሎይድ የፔፕ ባጅ ነው ብሎ ሚሸጥላችሁን ጥላችሁት ሂዱ። ባለሴሉሎይዱን ደሞ በውሃ እንዳታጥቡት በናታችሁ፣ ውሃው በጠርዙ ገብቶ ቆርቆሮውን ያዝገዋል፣ ዝገቱ ወረቀቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል፣ ያ ደሞ አይለቅም። የቆየ ሴሉሎይድ እሳት ቶሎ ይይዘዋል፣ ከምድጃና ከሻማ አርቁት፣ አየር በማይገባበት እቃም አታፍኑት።

ሌላው ደሞ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። እናንተ ጋ ካርቱን ሚስልላችሁ ልጅ (ልጅ ያልኩት በግምት ነው፣ አንቱ ከሆኑም ይቅርታ) ፊርማው ጥግ ላይ በጣም ደቆ ስለሚታተም አጉሊ መነጽር ካልያዝኩ አላነበውም። ቤታችን ጋዜጣው ሲገባ መጀመሪያ ሚታየው የሱ ስዕል ነው። ስሙን ከስር በደንብ በሚነበብ ፊደል ጻፉለት፣ ከተመቻችሁም ራሱን እንዲስል አድርጉና አንድ ሳምንት አውጡት።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከሜሪላንድ