ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ኅዳር 2013 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ትምህርት ስለምንጀምርበት ሁኔታ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን ለ15 ቀን ነው ተባብለን ነበር የተለያየነው። ይኸው ስምንት ወር ሞላው። ሰሞኑን ክፍሎቹን ስናጸዳ በአንዱ ሰሌዳ ላይ የዚያን ሳምንት የክፍልፋይ ጥያቄ ሳይጠፋ አገኘነው።

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በአንድ ክፍል ከ25 ተማሪ በላይ አይቀመጥም፤ በአንድ ዴስክ አንድ ልጅ ነው። ስለዚህ ግማሾቹ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ቀሪዎቹ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይማራሉ። ምድቡ በር ላይ ተለጥፏል። እኅትና ወንድም ተለያይተው ከተመደቡ ዩኒት መሪውን ያነጋግሩ።

በጭምብሉ ላይ የልጅዎን ስም ይጻፉበት። ለምዝገባ የመጡ ሁለት ሕፃናት ጭምብላቸውን እንደ ብይ ሲለዋወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ምሳም እንደዚሁ ነው። አብሮ መብላትንና መጎራረስን ያስተማርናቸው እኛው ሆነን፣ አሁን «ለየብቻ ብሉ» ማለት እኔንም ይከብደኛል። ግን እንላለን።

አጥብቄ የምለምነው ስለ መምህራኑ ነው። ተማሪ ቀኑን ሙሉ ከዚያው ከክፍሉ ልጆች ጋር ይውላል። መምህር ግን በየክፍለ ጊዜው ክፍል ይቀያይራል፤ አምስት ክፍል ከገባ ከመቶ በላይ ልጆች ፊት ቆሟል ማለት ነው። ከመካከላቸው ስኳርና አስም ያለባቸው፣ ጡረታ የተቃረቡም አሉ። ልጅዎን ካተኮሰው ወይም ካሳለው ቤት ያስቀሩት። ፓራሲታሞል አውጠው አይላኩብን፤ በር ላይ የምንይዘው የሙቀት መለኪያ ትኩሳቱ በመድኃኒት የበረደለትን ልጅ ለይቶ አያውቅም። በሕመም ለቀረ ልጅ ቀሪ አንይዝበትም፤ ያመለጠውን ማስታወሻ መምህሩ ይሰጠዋል። የሚያጠራጥር ነገር ካለ በነጻው የጤና ስልክ መስመር በ8335 ደውለው ይጠይቁ።

ወላጆች ከበሩ አልፈው ወደ ክፍል እንዳይገቡ እጠይቃለሁ። መምህር ማነጋገር የፈለገ ለጥበቃው ይንገር፤ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር፣ አየር ባለበት እናገናኛለን።

ውሃ በሚጠፋባቸው ቀናት ሁለቱ ሮቶዎች ለእጅ መታጠቢያ ብቻ ስለሚውሉ፣ ልጅዎ የሚጠጣውን ውሃ በኮዳ ይዞ ይምጣ። አቅም ያለው አንድ ሳሙና ቢጨምርበት ደስ ይለናል፤ የሌለው አይሳቀቅ።

ከታች ያለውን ቁራጭ ፈርመው እስከ ዓርብ ድረስ ለጥበቃው ይስጡልን።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህሩ