ትንሿ ሹራብ ደርሳለች

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ? እኛ ደህና ነን። ብርዱ ብቻ ነው ያስቸገረን። ገና 11 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል።

የላክሽው ደርሷል። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽና ሳቂብኝ። ሹራብ መሥራት ጀምሬያለሁ። አዎ፣ እኔ! ስንት ዓመት ስትለምኚኝ "የአሮጊት ሥራ ነው" እያልኩ የሸሸሁት።

ማታ ልጅቷ ስትተኛ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ እቀመጣለሁ። የመርፌዎቹ ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው የሚሰማው። ስለ ሥራም ስለ ሰውም አላስብም፤ እየቆጠሩ ማሰብ የት ይቻላል? 20 መደዳ ጨርሼ ቀና ስል ሻዩ ቀዝቅዟል። ሹራቡ ደግሞ እየረዘመ ሲመጣ ጉልበቴ ላይ ይተኛል። ገና ሳያልቅ ያሞቀኛል። ይህንን ለምን አልነገርሽኝም?

ሱፍ ለምን እንደሚያሞቅም አነበብኩ። ጠጉሩ የተጠማዘዘ ስለሆነ በመሀሉ አየር ይይዛል። ብርዱን የሚከለክለው ያ አየር ነው። "ክሩን አታንቂው፣ ላላ አድርጊው" ትዪኝ የነበረው ለካ ለዚህ ነው።

ስህተቴ ብዙ ነው። መጀመሪያ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ሠርተሽ ዐይኖቹን ቁጠሪ ያልሽውን ንቄ ቀጥታ ገባሁበት። የወጣው ለሁለት ሰው ይበቃል። ክር ሲያልቅብኝም ሌላ ጥቅል ጨመርኩ። ቀለሙ ያው ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ጋር አብሮ የተነከረ አልነበረም። ጠዋት በብርሃን ሳየው ደረቱ ላይ መስመር ወጥቷል። ተረተርኩት።

ስተረትር ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቂያለሽ። ሰማያዊው ሹራቤ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለሽ ትተረትሪው ነበር። ወንድሜ እጆቹን ዘርግቶ ክሩን ይዞልሻል። "ጠቦሻል" አልሽኝ። አልጠበበኝም ነበር፣ እማዬ። እሺ፣ እጅጌው ትንሽ አጥሯል። ግን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት? ብርዱ እስኪያልፍ ወንድሜ ለብሶት ሲሮጥ አየሁት፤ የኔን ሹራብ፣ በሱ ልክ። ሌላ ክር መግዣ እንዳልነበረሽ ዛሬ ይገባኛል። ቢገባኝም ያናድደኛል።

የተተረተረ ክር ጥምዝምዝ ብሎ ይቀራል። አንቺ አጥበሽ፣ ከታች ክብደት አንጠልጥለሽ ታደርቂው ነበር፣ ቀጥ እስኪል። እኔም እንደዛው አደረግኩ። ሳላስበው ነው፤ እጄ ያውቀዋል። እግዜር ይስጥልኝ።

ልጅቷ ደህና ናት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው በቅለዋል። ዋና ትማራለች። ክፍልፋይ ጀምረዋል፤ አምርራ ትጠላዋለች። ጫማዋ የኔን ሊያክል ምንም አልቀረውም። 9 ዓመት ሆናት፣ እማዬ።

ሹራቧ ቆንጆ ናት። አንገቷ ላይ ያለውን ሥራ ገልብጬ አየሁት፤ አንዲት ዐይን አላመለጠችሽም። ግን የ3 ዓመት ልጅ ልክ ናት። ባለፈው ስንመጣ ቁመቷን በሩ ላይ ለክተሽ ምልክት አድርገሽ ነበር። ለልጅቷ "አያትሽ ለድቡ ነው የሠራችው" አልኳት። ያመነችኝ መሰለኝ። ድቡ ለብሷት አልጋው ላይ ተቀምጧል።

ምናልባት ክር አንሶሽ ይሆናል። ምናልባት ድሮ የሠራሽው ተገኝቶ ይሆናል። ልጠይቅሽ ሦስቴ ደወልኩ፣ ሦስቴም ስለ ብርዱ አወራን። ምድጃው በርቶ እንዳደረ የነገረኝ ወንድሜ ነው። አንቺ አልነገርሽኝም። ሐኪም ዘንድ አብሮሽ ይሂድ። እምቢ አትበይ። ለዐይኔ ነው በይ፣ ለጉልበቴ ነው በይ፣ የፈለግሽውን በይ። ብቻ ሂጂ።

የቀርከሃ መርፌ ልኬልሻለሁ። ከብረቱ ይቀላል፣ እንደ ብረትም እጅ አያቀዘቅዝም። ማታ ጥቁር ክር አትንኪ፣ ዐይንሽን ያደክማል። ሱፉን በሙቅ ውኃ እንዳታጥቢ፣ ይኮማተራል ልልሽ ነበር። ለማን ነው የምነግረው? ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

ፖስታው ውስጥ ቀይ ክር አለ። ቁራጭ መስሎሽ እንዳትጥዪው። የልጅቷ ክንድ ነው፤ ከብብቷ እስከ እጇ አንጓ ለክቼ የቆረጥኩት። ሁለት ቋጠሮ ያለው ረጅሙ ደግሞ የደረቷ ዙሪያ ነው። በወረቀት ብጽፈው ይጠፋል ብዬ ነው። መርፌዎቹ ያሉበት ቅርጫት ውስጥ አድርጊው። ሹራብ ልትጀምሪ ስትዪ መጀመሪያ እሱን አውጪ።

ልጅሽ