ለጌታሁን፦ ስለ ግቢያችሁ ጥድ

ይድረስ ለወዳጄ ለጌታሁን፤

እንደምን ሰንብተሃል? ልጆቹስ አደጉ? ዝምታዬ በዝቷል፤ ይቅር በለኝ። ስለ ቤቱ ጉዳይ የተባባልነውን አሁን አላነሳውም፤ ፊት ለፊት ስንገናኝ እንጨርሰዋለን። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ለሚያስቸኩል ነገር ነው።

ታናሽ ወንድምህ የግቢያችሁን ትልቅ ጥድ ሊቆርጠው መሆኑን ሰማሁ። ግንዱን ለበርና ለመስኮት፣ የቀረውን ለአጥር ምሰሶ አስቦታል። «ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ፍሬ አላየንበትም፤ መካን ዛፍ ነው» ይላል አሉ። እንዴት ብዬ እንደምጽፍልህ ስቸገር ሰነበትኩ። ግቢው የእናንተ፣ ዛፉም የእናንተ፤ ምን አግብቶህ ብትለኝ መልስ የለኝም። ግን ጌታሁን፣ ያ ዛፍ ወንዴ ነው እንጂ መካን አይደለም።

የደብሩን ጥድ ታስታውሳታለህ፤ ወጥተህባት መውረድ አቅቶህ መሪጌታን ያስለመንከን። እርሷ ሴቴ ናት። እናቴ ካረፈችበት አጠገብ መቀመጥ ካበዛሁ ወዲህ ከዓይኔ ጠፍታ አታውቅም። ማየት ስጀምር ግን ስለ ጥድ የማውቀው ጥላውንና ሽታውን ብቻ እንደነበር ገባኝ።

ጥድ እንደ ኮክ ወይም እንደ ብርቱካን አያብብም። ንብ የሚጠራበት ቀለምም ማርም የለውም፤ ሥራውን ሁሉ ለነፋስ ትቶታል። አብዛኛውን ጊዜ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ በተለያየ ዛፍ ላይ ናቸው፤ ሁለቱንም የያዘ ዛፍ አልፎ አልፎ ብቻ ይገኛል። ወንዴው በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የምትረዝም ቢጫ እንቡጥ ያወጣል። ፀሐያማና ደረቅ ቀን ሲሆን እንቡጧ ትከፈትና ሴቴዋ ዘር እንድትይዝ የሚያደርገውን ብናኟን ለነፋስ ትለቃለች። በዝናብ ይህ አይሆንም፤ ዝናብ ብናኙን ከአየር አጥቦ መሬት ላይ ያስቀረዋል። ባለፈው በጋ እናንተ ግቢ ለአባትህ ተዝካር መጥቼ ሳለ የዛፉን ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ በእጄ መታ መታ ባደርገው እንደ ጢስ ያለ ቢጫ ነገር ቦነነ። ኮቴ ላይ የቀረውን ሳራግፈው አክስትህ «አቧራ ነው» አሉኝ። አቧራ አልነበረም።

የሴቴዋ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። ጠዋት ላይ አጉሊ መነጽር ይዤ የደብሯን ጥድ ቅርንጫፍ ወደ ዓይኔ አቀረብኩ። በትንንሾቹ ቅርፊቶች መካከል፣ ገና ዘር ባልሆኑት ጫፎች ላይ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል የጠራች ጠብታ ተንጠልጥላለች። ነፋስ ያመጣው ብናኝ የሚያዘው እርሷ ላይ ነው፤ ብናኙን የያዘች ጠብታ ወደ ውስጥ ትመለሳለች፣ ብናኙንም ይዛው ትገባለች። ከዚያ ቅርፊቶቹ አብጠው፣ ሥጋ አውጥተው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ፍሬ የምንለውን ይሠራሉ።

ፍሬው ለመብሰል ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጅበታል። ለዚህ ነው በአንድ ዛፍ ላይ አረንጓዴውንም የበሰለውንም አብረን የምናየው። የበሰለው ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ላዩ ላይ ነጣ ያለ ሰም አለው፤ በአውራ ጣትህ ብታሸው ሰሙ ይለቅና ጥቁረቱ ይወጣል። ውስጡ ከ2 እስከ 5 ዘር ይይዛል። ወፎች ሥጋውን በልተው ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል፤ በአጥር ሥር ሳይተከል የሚበቅለው ጥድ የእነርሱ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። የደብሯን ፍሬ ለቅሜ፣ ሥጋውን አሽቼ አውጥቼ፣ ዘሩን ውኃ ውስጥ ጨመርኩት። ባዶው ይንሳፈፋል፣ ያዘለው ይሰምጣል። ብዙው ተንሳፈፈ። የሰመጠውን ዘራሁት፤ በቅሏል! የጥድ ሕፃን ቅጠሉ እንደ ትልቁ ዛፍ ቅጠል ጥቅጥቅ ያለ፣ የዓሣ ቅርፊት የሚመስል አይደለም፤ መርፌ ነው፣ እጅ ይወጋል። ስወጋ ደስ አለኝ። አባቱ ማን እንደሆነ ሳስብ ግን ደነገጥኩ። በዙሪያችን የቀረ ሌላ ትልቅ ጥድ የእናንተው ብቻ ነው። ብናኝ ከሩቅም ሊመጣ ይችላል፤ በራቀ ቁጥር ግን እየሳሳ ነው የሚደርሰው። የእናንተ ዛፍ ከተቆረጠ የደብሯ ጥድ ፍሬ ማፍራቷን ብትቀጥል እንኳ ስንቱ ዘር ይሰምጥ ይሆን?

ችግኝ ጣቢያ ሄደህ ግዛ እንዳትለኝ። በብዛት የሚሰጡት የፈረንጅ ጥድ ነው፤ የመጣው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ግን የእኛ ጥድ አይደለም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያለውን የመናገሻን ተራራ በጥድ ያስለበሱት ዘሩን ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው ነው ይባላል። ንጉሥ ከዚያን ያህል አገር ያስመጣውን እኛ በአጥር ምሰሶ ልንለውጠው ነው? ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ወንድምህ አንተን ይሰማል። ዛሬ ማታ ደውልለት። ቃሌን ካላመነ በደረቅ ቀን ከቅርንጫፉ ሥር ጥቁር ጨርቅ ዘርግቶ ያራግፈው፤ እንቡጦቹ ደርሰው ከሆነ ቢጫውን በዓይኑ ያየዋል። አልደረሱም ከሆነም ጫፎቹን አይቶ ይጠብቅ። ለምሰሶው ባሕር ዛፍ እኔ እገዛለታለሁ። ጥድን ምስጥ እንደማይደፍረው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ባሕር ዛፉ የሚቀባውን የተቃጠለ ዘይትም እጨምራለሁ። ለበሩና ለመስኮቱ የሚሆነውን ጣውላ ደግሞ ሁለታችን ብንካፈልስ? ይህን ለመጠየቅ ፊት የለኝም፤ ግን ጠየቅሁህ።

ከችግኞቹ ሁለቱን ለእናንተ ግቢ ለይቻቸዋለሁ። ወንዴ ይሁኑ ሴቴ፣ አድገው እንቡጥ እስኪያወጡ አይታወቅም። ቦታ ስትመርጥላቸው ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን፤ ጥድ በትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ማደግ አይወድም። ከብትም እንዳይረግጣቸው እሾህ ይታጠርላቸው።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። ወንድምህ ምን እንዳለ ማታውኑ አሳውቀኝ።

ወዳጅህ
በላይ