ስለ መጀመሪያው ሳምንትም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ፓስፖርቱ፣ ትራንስክሪፕቱ፣ የድጋፍ ደብዳቤው፣ ቪዛው፣ ሁሉም በደንብ ተጽፏል። ተማሪው አውሮፕላን ላይ ሲሳፈር ግን ጽሑፉም አለቀ። እኔ የተቸገርኩት ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። ብዕር ያነሳሁትም ለዚሁ ነው።

የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ከቡና ጋር ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ስፔን ስሄድ የመጀመሪያውን ወር ሳላማንካ ከተማ ከአንድ ቤተሰብ ጋር እየኖርኩ ቋንቋ እንድማር ተመደብኩ። የደረስኩት ጳጉሜን 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። በ1218 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ 800ኛ ዓመቱን የሚያከብርበት ዓመት ነበር። ከመሄዴ በፊት ግማሽ ቀን ገለጻ ተሰጥቶኛል። ስለ ውል፣ ስለ ሪፖርት፣ ስለ መመለስ ግዴታ ተነገረኝ። ሰው ቤት ገብቶ ስለ መኖር ግን አንድ ቃል የነገረኝ የለም።

የተቀበሉኝ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ዕለቱ አርብ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሃሞን የሚሉት የደረቀ የአሳማ ሥጋ በስሱ ተቆርጦ ቀርቧል። ከድንችና ከእንቁላል የተሠራ ቶርቲያ አለ። አይብም አለ። እኔ ጿሚ ነኝ። «ፆም ላይ ነኝ» የሚለውን በስፓኒሽ አላውቀውም። «ኖ፣ ግራሲያስ» አልኩ። እኛ ጋ የመጀመሪያው እምቢታ ጨዋነት ነው። ባለቤቷ «በሞቴ!» ትላለች፣ ደግማ ትለምናለች፣ በዚህ መሀል እንግዳው የሚበላውና የማይበላው ይታወቃል። እነሱ ግን ያልኩትን አመኑኝ። መንገድ አድክሟት ነው ብለው ሳህኑን አነሱት። ዳቦና ወይራ ቀምሼ ተኛሁ።

ሰዓቱም ሌላ ጣጣ ነበር። በማግስቱ ራት ዘጠኝ ተኩል ነው ተባልኩ። ዘጠኝ ተኩል ለእኔ ከቀትር በኋላ ነው፤ ለእነሱ በእኛ አቆጣጠር ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ምሳውም ወደ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ጅማ ቢሆን በዚያ ሰዓት ራት ተበልቶ ሳህን ታጥቧል።

እሁድ ምሳ ላይ ምስር ቀረበ። ቀላ ያለ ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱ ይሸታል። ልቤ ሞላ። ሁለተኛው ማንኪያ ላይ የአሳማ ቋሊማ አገኘሁ። ማንኪያውን አስቀምጬ ዝም አልኩ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሴትዮዋ ሲያነጋግሩኝ አየር ወደ ውስጥ ስቤ «አዎ» እላለሁ። እዚህ ልብ ብሎ የሚሰማው የለም። እሳቸው ግን በየጊዜው ይደነግጡና «ኬ ቴ ፓሳ?» ይሉኛል፤ ምን ሆንሽ ማለት ነው። አትበላም፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ታማለች ብለው ደመደሙ። የካሞሚል ሻይ አፍልተው አልጋዬ ድረስ አመጡልኝ። እኔ የራበኝ ሰው ነኝ፤ እሳቸው ደግሞ ሐኪም ቤት ሊወስዱኝ እያሰቡ ነው። ሁለታችንም ክፉ ሳናስብ ሦስት ቀን ሙሉ ተጨነቅን።

ሰኞ ትምህርት ስጀምር ለአስተማሪዋ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። በቁራጭ ወረቀት ላይ በስፓኒሽ ጻፈችልኝ፤ አሳማ አልበላም፣ ረቡዕና አርብ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አልበላም። ሴትዮዋ ወረቀቱን አንብበው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከተናገሩት ውስጥ «ሦስት ቀን» እና «ለምን» የሚሉትን ለየሁ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ምግባቸውን ስለተውኩ አልነበረም ያዘኑት። በቤታቸው ተርቤ ስላደርኩ ነው። እናቴም ብትሆን እንዲሁ ነበር የምትሆነው።

ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ወዲያ «ኮሜ፣ ኮሜ!» ብቻ ሆነ፤ ብዪ፣ ብዪ! ቃሉ «ቆሜ» ከሚለው ጋር ስለሚቀራረብ ወዲያው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ምስሩ በካሮትና በድንች ተሠራ። ባልየው የሳህናቸውን መረቅ በዳቦ ጠርገው ሲጎርሱ ሳይ ደግሞ እኔም በእጄ ቀጠልኩ። ከአገሬ ከወጣሁ ያን ቀን ነው በደንብ የበላሁት።

አንቱታው ግን እስከ መጨረሻው ከበደኝ። ስፓኒሽ እንደኛው «አንቺ» እና «እርስዎ» አለው፤ «ቱ» እና «ኡስቴድ»። እኔ ኡስቴድ ስላቸው ሴትዮዋ ቅር ይላቸዋል፤ ራቅሽብኝ ይሉኛል። የእናቴን ታላቅ የሚያህሉ ሰው እንዴት አንቺ ይባላሉ? በስፓኒሽ ተለማመድኩት። በአማርኛ ሳነሳቸው፣ እንደምታዩት፣ ዛሬም አንቱ ናቸው።

መስከረም 1 ማክሰኞ ዋለ። እናቴ ያስያዘችኝን የሊሙ ቡና አወጣሁ። ጀበናዬን በነጠላ ጠቅልዬ ነበር የወሰድኩት። በመጥበሻ ቆላሁት፤ ጭሱን አሸተትኳቸው። እነሱ ቤት የሚጠጣው ከስኳር ጋር የተቆላ፣ ጥቁርና መራራ ቡና ነው። አቦሉን ቀምሰው ሁለቱም ዝም አሉ። ባልየው የታሪክ መምህር ነበሩ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የአገራቸው ቄስ በ1603 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ገብቶ፣ በ1618 የዓባይን ምንጭ አይቶ፣ እዚያው አገራችን እንደሞተ አጫወቱኝ። እኔ ስሙን የማውቀው ከሱስንዮስ ታሪክ ጋር ነው። በእጅ ምልክትና በመዝገበ ቃላት እስከ በረካ ድረስ አወራን።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ከተመለስኩ በኋላ ይህንን ሁሉ ለአንድ ጎረቤታችን ነገርኩት። እሱ በደርግ ጊዜ በልጅነታቸው ኩባ ከተላኩት ብዙ ሺህ ልጆች አንዱ ነው፤ ያደገው ወጣቶች ደሴት በሚባለው ቦታ ነው። ራቱንም፣ ኡስቴዱንም፣ አሳማውንም ያውቀዋል። «ምነው ሳትሄጂ በጠየቅሽኝ!» አለኝ። ከእኛ ቤት ሦስት በር አልፎ ነው የሚኖረው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቋንቋውንም ኑሮውንም የሚያውቅ ሰው በየሰፈሩ አለን። እሱን ከሚሄደው ልጅ ጋር የሚያገናኘው ነው የጠፋው።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ በወር አንድ ጊዜ ለዚህ የሚሆን ቦታ ይስጠን። ከቻይናም፣ ከህንድም፣ ከቱርክም የተመለሱ አሉ። ስለ መጀመሪያው ሳምንታቸው ብቻ ይጻፉ፤ ምን በሉ፣ ማንን ምን ብለው ጠሩ፣ ምን ሳይናገሩ ቀሩ።

እኔ እዚህ በአቅሜ ጀምሬያለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ሲፈላ መሄጃቸው የደረሰ ልጆች እኛ ቤት ይመጣሉ። ጎረቤታችንም ይመጣል። ባለፈው ቅዳሜ ስፔን የምትሄድ አንዲት ልጅ ደብተር ይዛ መጣች። እሷ ሙስሊም ስለሆነች ስለ አሳማውና ስለ ረመዳን ሁለት ዓረፍተ ነገር አጻፍናት። ሦስተኛውን እኔ ነኝ የጨመርኩት። «ቴንጎ አምብሬ»፤ ርቦኛል ማለት ነው። ዓይኔን እያየች ጮክ ብላ እስክትለው ድረስ አስደገምኳት።

አክባሪያችሁ
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከጅማ